ለሚያስፈራ ግቢ ስንት መብራት ይበቃል?

ኦክቶበር ሲገባ ስልኬ ይጨናነቃል። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚህ ጆርጂያ፣ ስማይርና ሶኬት እቀይራለሁ፣ ብሬከር አያለሁ፣ የጨለመ በረንዳ ላይ አምፖል እሰቅላለሁ። በዚህ ወር የሚደውሉልኝ ግን ግቢያቸውን ለሃሎዊን አስፈሪ እንዳደርግላቸው ነው። ስደርስ ዕቃው ተገዝቶ ይጠብቀኛል፦ ሐምራዊ ሪባን መብራት፣ የሌሊት ወፍ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ፕሮጀክተር፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ብርቱካናማ ሰንሰለት። የመጀመሪያ ሥራዬ ግማሹን ወደ ካርቶኑ መመለስ ነው። ደንበኛው ቅር ይለዋል፤ ሲመሽ ይገባዋል።

ገጠር ያደግን ሰዎች ምክንያቱን ከኩራዝ እናውቀዋለን። ኩራዝ መሬት ወይም አጭር ዱካ ላይ ትቀመጣለች። የጅብ ተረት የሚያወራው አያት ፊት ከአገጩ በኩል ይበራል፤ የዓይኑ ጉድጓድ ይገለበጣል፤ ጥላው ግድግዳውን ወጥቶ ጣሪያው ላይ ይታጠፋል። ዓይናችን የሰውን ፊት የለመደው ፀሐይ ከላይ ስታበራው ነው፤ ብርሃኑ ከታች ሲመጣ የምናውቀው ፊት እንኳ ባዕድ ይሆናል። የጀርመኑ ሙርናው በ1922 «ኖስፌራቱ»ን ሲሠራ፣ ደረጃ የሚወጣውን ቫምፓየር በጥላው ብቻ ያሳየው ይህን አውቆ ነው። ብርሃኑ አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛ መብራት በሌላ ወገን ከጨመርክ የመጀመሪያው የሠራውን ጥላ ያጥበዋል።

ባለ 12 ጫማውን አጽም እንውሰድ። ሆም ዲፖ በ2020 ገበያ ላይ ያወጣው ነው፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ጎረቤታችን ቫይኒንግስ ስለሆነ መሰለኝ በየመንገዱ ቆሟል። ብዙ ሰው ከፊት ለፊቱ ትልቅ ነጭ ፍለድላይት ይደቅንበታል፤ አጽሙም የፕላስቲክ መጋጠሚያው ሳይቀር ይታያል። እኔ አንዲት አነስተኛ ስፖት ላይት ከእግሩ ፊት፣ ወደ አንድ ጎን አድርጌ፣ አፏን ወደ ላይ አዘንብዬ እተክላለሁ። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሜትር ላይ ያለው የአጽሙ ጉልበት ቦግ ሲል፣ ሦስት ሜትር ተኩል ላይ ያለው የራስ ቅል የዚያን አንድ አሥራ ሁለተኛ ገደማ ብቻ ያገኛል። የጎድን አጥንቶቹ ጥላ የቤቱ ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ይወጣል፤ ራሱ ግን ድንግዝግዝ ውስጥ ስለሚቀር የሚያበሩት ዓይኖቹ ብቻቸውን ከላይ ይንጠለጠላሉ። ልጆቹ ቀና የሚሉት እዚያ ጋ ነው።

ስለ ቀለም ሲጠይቁኝ አረንጓዴን አስቀድማለሁ። ጨለማ የለመደ ዓይን ከሁሉ ይበልጥ የሚነቃው ወደ 507 ናኖሜትር ገደማ ላለው፣ ሰማያዊ ለተቀላቀለበት አረንጓዴ ነው፤ ቀይ በዚያው ሰዓት ወደ ጥቁር ይጠጋል። ቼካዊው ሐኪም ፑርኪንዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋለው ነገር ነው፣ ክስተቱም በስሙ ይጠራል። በሥራ ቋንቋ ሲተረጎም፦ ሦስት ዋት አረንጓዴ አንድ ዛፍ ይሞላል፤ ቀይ ግን ዕቃው ሥር ካልገባ ገንዘብ ማባከን ነው። ሐምራዊ ሌላ ጠባይ አለው። ኤል ኢ ዲው የሚሠራው ከቀይና ከሰማያዊ ነው፤ ዓይን ደግሞ ሁለቱን እኩል አጥርቶ መያዝ ስለማይችል የነገሩ ጠርዝ ይርገበገባል። ለመቃብር ድንጋይ ጥሩ ነው፣ ለደረጃ ግን በፍጹም አይሆንም።

ጥቁር መብራት የሚሉት አልትራቫዮሌት ከሁሉ ያዝናናኛል። ርካሹ 395 ናኖሜትር ነው፣ ራሱም ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፤ 365 ያለው መብራቱ ሳይታወቅ ዕቃውን ብቻ ያበራል። የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ ይህን ጨረር ተቀብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ይመልሳል። ታጥቦ ዛፍ ላይ የተሰቀለ አንሶላ ያለ ምንም ሽቦ ሲያበራ ማየት ነው። ነጠላ ደግሞ ይበልጥ እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ነጠላን ግን ለዚህ አላውልም።

ሰዓቱንም ማስላት ያስፈልጋል። ከ2007 ጀምሮ አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ኋላ የምትመልሰው በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ ስለዚህ ሃሎዊን ሁልጊዜ በበጋው ሰዓት ውስጥ ይውላል። አትላንታ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ለአንድ ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። ሕፃናቱ የሚመጡት ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ነው፤ ያኔ የዱባው ሙቅ ብርቱካናማ ብቻ ይበቃቸዋል። አረንጓዴውንና ጥቁሩን መብራት በታይመር አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስነሳለሁ፤ ትልልቆቹ የሚደርሱት ያኔ ነው። በምሥራቅ በኩል ያሉ ቤቶች ግን ሰማያቸው እስከ መጨረሻውም አይጨልምላቸውም። የቤዝቦል ስታዲየሙ ትሩዊስት ፓርክ ቅርብ ነው፤ በ2021 የዎርልድ ሲሪስ አምስተኛ ጨዋታ የተደረገው እዚያ፣ ያውም ኦክቶበር 31 ማታ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ዕቃውን ወደ ግድግዳና ወደ ቁጥቋጦ ጥላ ማስጠጋት ይሻላል።

መብራት የማይነካው ነገር ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ ኮንኮርድ ሮድ ላይ ያለውን ባለ ጣሪያ የእንጨት ድልድይ ይሂድና ይይ። በ1872 ኒካጃክ ወንዝ ላይ የተሠራ ነው፤ መኪና የሚያሳልፈው አንድ በአንድ ነው። ማታ መኪናህን አቁመህ የመኪናው ጣሪያ ላይ ከረሜላ ብታስቀምጥ የሕፃናት መናፍስት ይወስዱታል ይባላል። ወሬው የጸናው የድልድዩ አፍ ጥቁር ስለሆነ ይመስለኛል። ለደንበኞቼም በበሩና በአጥሩ መካከል አንድ ምንም የማይበራበት ማዕዘን እንተው እላቸዋለሁ።

በረንዳው ግን ጨልሞ አይቀርም። እዚህ አገር የበረንዳ መብራት በርቷል ማለት «ከረሜላ አለ፣ ኑ» ማለት ነው። ነጩን አምፖል አውጥቼ ደብዛዛ ቢጫ አገባለሁ፤ ደረጃውን እግር ሥር በሚበሩ ትንንሽ መብራቶች አሳያለሁ፤ ቀሚሱን እየረገጠ የሚመጣ ጠንቋይ ብዙ ነውና። ውጭ የሚሰካ ሁሉ ጂ ኤፍ ሲ አይ ሶኬት ላይ ነው የሚሰካው፤ አምስት ሚሊአምፔር ገደማ ሲያፈስ ራሱን ይቆርጣል፣ የጆርጂያ ጤዛም ዝናብም ይህን ይፈትነዋል። ብልጭ ድርግም የሚለውን በጭራሽ አልሰቅልም። በሴኮንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚበራ ነገር የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ሊጥለው ይችላል፣ ለዓይንም አድካሚ ነው።

ከአበሻ ደንበኞቼ ጋር ያለው ጨዋታ ሌላ ነው። አብዛኛውን ዓመት ሃሎዊን ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፣ የማርያም ዕለት። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው፣
«ልጄ፣ በማርያም ቀን ጭራቅ ላብራ?» አሉኝ።
«እትዬ፣ ለልጅ ልጆችዎ ነው እኮ።»
«ልጆቹማ ይምጡ፣ ከረሜላውም ይሰጣቸዋል። ሆያ ሆዬ ሲሉ ሙልሙል አልሰጠንም? አጽም ግን ከደጄ አይቆምም።»
ሁለት ዱባ ውስጥ ቢጫ አምፖል አስገባሁና መንገዱ ዳር ያለውን ትልቅ ኦክ ከሥሩ አበራሁት። ግንዱ ቋጠሮ የበዛበት ስለሆነ ጥላው ፊት ይሠራል፤ የጎረቤት ልጆች እሱን ሲያዩ ዞረው ነበር የሚያልፉት። እትዬም ዛፍ መሆኑን እያወቁ አንድ ሁለቴ በመስኮት አይተውት ገብተዋል።

ኖቬምበር 1 ማለዳ አረንጓዴውና ጥቁሩ ወደ ካርቶን ይመለሳሉ። ቢጫው ግን በየቤቱ ይቀራል፤ ለታንክስጊቪንግ ያገለግላል፣ ነጭ ሰንሰለት ተጨምሮበት ለፈረንጁ ገና ይሆናል፣ ከዚያም ታኅሣሥ 29 ድረስ ይቆያል። የእኔ ቤት ጎረቤቶች ጌጡን ማውረድ የረሳሁ እየመሰላቸው በየዓመቱ መሰላል ሊያውሱኝ ይመጣሉ።