ክረምትን በቫን ውስጥ
በአሜሪካዋ ሲያትል ከኅዳር እስከ ጥር ዝናቡ እምብዛም አያባራም። አንዳንዱ የቤት ኪራይ ከብዶት፣ አንዳንዱ ወድዶ፣ ይህን ወቅት ቫን ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ያካበቱት ጥበብ አድናቆት ይገባዋል።

ከብርዱ ይልቅ የሚፈታተናቸው እርጥበቱ ነው። የተኛ ሰው ትንፋሽ፣ የሚፈላ ሻይ፣ የበሰበሰ ካፖርት ሁሉ እንፋሎት ይለቃሉ፤ እንፋሎቱም ቀዝቃዛውን ብረትና መስታወት ሲነካ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ካልተጠረገ ፍራሹ ሥር ሻጋታ ያበቅላል። ውስጥ ጋዝ ማንደድ ደግሞ ነገሩን ያብሳል፤ 1 ኪሎ ግራም ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ይፈጠራልና። ልምድ ያላቸው ስለዚህ አነስተኛ የናፍጣ ማሞቂያ ይመርጣሉ። ማሞቂያው ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱንም ወደ ውጭ ስለሚያስወጣ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ደረቅ ሙቀት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ማሞቂያው እየሠራ የጣሪያውን ማናፈሻ ገርበብ አድርገው መተዋቸው ነው። ለማያውቅ ብክነት ይመስላል፤ ደረቅ ብርድ ልብስና ጤናማ ሳንባ የሚገኘው ግን በዚህ ነው።

የፀሐይ ሰሌዳ በታኅሣሥ ብዙም አይረዳም። የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ሲሆን ደመናውም ወፍራም ነው፤ ባትሪው በአመዛኙ የሚሞላው ሞተሩ ሲሠራ ነው።

በቫን ውስጥ እሳት የሚያነድ ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከመኝታው አጠገብ ይስቀል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም።