ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው

ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ጨዋታ ሲነሣ የሁላችንም አንገት ወደ ላይ ይቃናል። የበረንዳው እንጨት ቅርጽ፣ የመስኮቱ መዝጊያ፣ የጣሪያው ሹልነት ይወደሳል። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሣበትም የከተማው ሰው ደነገጠ፤ መደንገጡም ተገቢ ነበር። እሳት ነበልባሉ ይታያል፣ ጢሱ ይጣራል። ውኃ ግን፣ አበው እንዳሉት፣ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ዛሬ ቅሬታዬን ላቀርብ የተነሣሁት ጢስ በሌለው በዚህኛው አደጋ ላይ፣ ይልቁንም አደጋውን እንዳናይ ባደረገን የአድናቆት ልማዳችን ላይ ነው።

ነገሩን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ፒያሳ አካባቢ በአንድ የጥንት መኳንንት ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ቤቱ ለብዙ አባወራ ተከፋፍሎ የተያዘ የቀበሌ ቤት ነበር። አንድ የነሐሴ ሌሊት የአልጋዬ እግር ጣውላውን በስቶ ገባ። በማግስቱ የተጠሩት ሽማግሌ አናጢ ሁለት ጣውላ ሲያነሡ ከሥር የተዘጋ ጉድጓድ ሽታ ወጣ። ከወለሉ በታች እስከ ጉልበት የሚደርስ ጨለማ ባዶ ቦታ አለ። ጣውላውን ከተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች የአንዱን ጫፍ፣ ከግንቡ ጋር በተጋጠመበት በኩል፣ በጣታቸው ቢነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ።

«ጋሼ፣ ምስጥ ነው?» አልኳቸው።

«ምስጥማ ምን በወጣው!» አሉኝ። «ይህ ቤት በእግሩ ነበር የሚተነፍሰው፣ ልጄ። አፍነው ገደሉት እንጂ።»

ያሳዩኝ በመሠረቱ ግንብ ላይ በየተወሰነ ርቀት የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ነው። ከውስጥ ይታያሉ፤ ከውጭ ግን የሉም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ በዓል ተብሎ የቤቱ እግር ዙሪያውን በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ያን ጊዜ መንገደኛው ሁሉ «እንዴት አምሮበታል!» እያለ አለፈ። እኔም በዚያ ሳልፍ እንዲሁ ብዬ እንደነበር አልክድም።

ቤቱን የሠሩት ሰዎች ግን የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ከዐድዋ ድል፣ ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ስትስፋፋ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው ግንበኛና አናጢ ጋር ሆነው ያቆሟቸው የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ብዙዎቹ ከታች በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ፣ ከላይ እንጨት የበዛባቸው ናቸው። ከተማዋ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። መሬት የጠጣውን ውኃ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስበዋል። ግንቡ ራቁቱን ከሆነ፣ ወይም በጭቃና በኖራ ብቻ ከተለሰነ፣ እርጥበቱን መልሶ ለአየር ይሰጣል፤ በቀዳዳዎቹ የሚገባው ነፋስም ከወለሉ ሥር ያለውን ጠራርጎ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት ግን መውጫ ያጣው እርጥበት ሽቅብ ይወጣና የእንጨቱን ጫፍ ያገኛል። ከደረቅ ክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ ውኃ ያዘለ እንጨት ለሚያበሰብሰው ሻጋታ የተሰናዳ ማዕድ ነው።

በዚህ አያበቃም። መንገዱ በተጠገነ ቁጥር ድንጋይና አስፋልት ይደረብና ደጁ ከወለሉ ጋር እኩል ይሆናል፤ የነፋስ መግቢያ የነበረው ቀዳዳ የጎርፍ መግቢያ ሆኖ ያርፈዋል። አሸንዳው ከወደቀ የጣሪያው ውኃ በሙሉ የሚዘንበው ግንቡ እግር ላይ ነው። በጥቁር መረሬ አፈር ላይ የቆመ ቤትማ ፍዳው የባሰ ነው፤ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱም አብሮ ይናወጣል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ስለ ቅርስ ከምንጽፈው ውስጥ የት አነበብነው? ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር ከ1941 እ.ኤ.አ. በፊት ስለነበረችው አዲስ አበባ የሕንፃ ቅርስ አዘጋጅተው በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ትልቅ ውለታ ነው። እኛ አንባቢዎቹ ግን እንደ ፎቶ አልበም ገለጥነው፤ «አቤት ውበት!» ብለን ከደንነው። ልቦለድን በሽፋኑ ሥዕል ብቻ የሚተች ሐያሲ ቢመጣ እንስቅበታለን። ቤትን በቀለሙ ስንተች ግን የሚስቅብን የለም። ቀለም የተቀባውን «ታደሰ» እንላለን፤ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር እንኳ ስለ ጥበቃ ሲናገር ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው የማያቋርጥ እንክብካቤን ነው።

የኛው የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲንከባከብ ያዛል። መልካም፤ ባለቤቱ ማነው? በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች የሚኖረው አንድ፣ የሚያዘው ሌላ ሆነ። እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ክፍል ይጠርጋል፤ ከጣውላው ሥር ያለው ግን የማንም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማት ሥራ ፈርሷል። ነገ ይፈርስ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሰው ዛሬ ቦይ ይቆፍራል ብሎ መጠበቅም ይከብዳል። ያልተቆፈረው ቦይ ደግሞ ዞሮ በቤቱ ላይ ይመሰክራል፤ «አርጅቷል፣ ያሰጋል» ይባላል። ያበሰበስነው እኛ፣ የሚፈረድበት እሱ!

«የመኳንንት ቤት ከሰው ይበልጣል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይበልጥም። ነገር ግን በዚያ እርጥብ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው የሚያድሩት፣ የሚያስላቸው ሕፃናት የመኳንንት ልጆች አይደሉም። ወለሉ ከሥሩ ቢደርቅ የሚጠቀሙት ከቅርሱ በፊት እነሱ ናቸው።

መድኃኒቱም ተራራ አይደለም። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች መክፈትና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ መጋረድ፤ በግንቡ ላይ የተቆለለውን አፈር ዝቅ አድርጎ ውኃውን ወደ ውጭ የሚወስድ ቦይ ማውጣት፤ አሸንዳውን መስቀል፤ ሲሚንቶውን በጥንቃቄ አንሥቶ በኖራ መለሰን፤ የበሰበሰውን ጫፍ ብቻ ቆርጦ በጥድ መተካት። ጣውላውን ነቅሎ ሊሾ ማፍሰስ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ከሥር የታፈነው እርጥበት ወደ ግድግዳው ይሸሻል። ከዚያ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ አንድ ጣውላ አንሥቶ በባትሪ ማየት ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ? እዚህ ላይ ግን እርጥቡን ቶሎ ማድረቅ ነው ብልሃቱ።

ሽማግሌው በዚያ ሳምንት ሦስት ቀዳዳ ከፈቱልን። በተከታዩ ክረምት ያ ሽታ ከክፍሌ ጠፋ፤ የአልጋዬም እግር ባለበት ቆመ። ሌሎቹን ቀዳዳዎች የከፈተ ግን አልነበረም።

ቤቱ ዛሬ የለም። ቦታውን እያየሁ ስተክዝ አንድ ወዳጄ ሊያጽናናኝ «ለነገሩ አርጅቶ ነበር» አለኝ። አርጅቶስ አልነበረም፤ ታፍኖ ነበር። ያልፈረሱ ገና አሉና፣ ውድ አንባቢ፣ በአንዱ ደጅ ሲያልፉ በረንዳውን ካደነቁ በኋላ እባክዎን ጎንበስ ብለው እግሩንም ይዩለት።