ሞተር የሚመረጠው ለመንገዱ ነው

ሚኒባስ ሊገዛ የተነሳ ሰው ጋራዥ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው ሞተር ይሻላል?» የሚል ነው። እኔም ከመመለሴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ በየት መስመር ልታሠራት ነው? የምትጭነው ሰው ነው ወይስ ዕቃ? ስትበላሽ ማን ያይልሃል? በዚህ ሙያ ስኖር እንደተረዳሁት፣ ለብቻው ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባል ሞተር እምብዛም የለም። ያለቦታው የገባ ሞተር ግን ባለንብረትን ዕዳ ውስጥ ሲከት ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከመንገዱ እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚያገኘው ፒስተኑ ሲወርድ በሚስበው ልክ ብቻ ስለሆነ፣ በፋብሪካው ከተጻፈለት ጉልበት ሩብ የሚጠጋው እዚህ አይገኝም። ሙሉ ሰው ጭኖ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሚኒባስ ጥቁር ጭስ የሚተፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ናፍጣው ይረጫል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አይበቃም። ሹፌሩ «ጉልበት አጣ» ብሎ ፖምፓው እንዲጨመርለት ይጠይቃል። ናፍጣ መጨመር ጭሱንና ሙቀቱን ያብሳል እንጂ የጎደለውን አየር አያመጣም።

ከፍታው በውሃውም ላይ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በራዲያተር ውስጥ ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የላላ ክዳን ያለው መኪና ቆላ ሳይወርድ ዳገት ላይ ያፈላል። ብዙዎቻችን ደግሞ «ሞተር አሞቀ» ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጥላለን። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በጠዋት ብርድ ቶሎ አይሞቅም፤ ፋሻውና ሲሊንደሩ ያለጊዜያቸው ይበላሉ፣ ናፍጣም ይጨምራል። ቴርሞስታቱን ከመጣል በፊት ክዳኑን እንይ፤ ክዳን መቀየር ከሁሉም የረከሰ ጥገና ነው።

አሁን ወደ ሞተሮቹ። በከተማችን ታክሲ ሥራ ላይ የኖሩት የቶዮታ ሃይኤስ ናፍጣዎች ሁለት ቤተሰብ ናቸው። የመጀመሪያው የኤል ቤተሰብ ነው፦ ቱ ኤል 2,446 ሲሲ፣ ስሪ ኤል 2,779 ሲሲ፣ ፋይቭ ኤል 2,986 ሲሲ። ሰዉ «ዶልፊን» የሚለው ሃይኤስ ይዟቸው የመጣው እነዚህን ነው። ሦስቱም ያለ ተርቦ የሚሠሩ ናቸው፤ ናፍጣው የሚረጨው በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ኖዝላቸው የሚከፈተው ከ100 እስከ 150 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ስለሆነ ትንሽ የቆሸሸ ናፍጣ ቢመጣባቸውም ይታገሣሉ። ያለ ኮምፒውተር በጆሮና በእጅ ይመረመራሉ። ዕቃቸው ከሶማሌ ተራ እስከ ክፍለ ሀገር ከተሞች ይገኛል፤ የሚፈታቸውም መካኒክ በየመንገዱ አለ።

ይቅር የማይሉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሙቀት ነው። አንዴ በደንብ ያፈላ ቴስታታ በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ጓርኒሲዮን ብቻ መቀያየር ገንዘብ መጣል ነው። ሌላው የታይሚንግ ችንጋ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ተበላሽቶ የቆየ ሚኒባስ ከገዛህ፣ ሻጩ ምንም ቢልህ ችንጋውን በመጀመሪያው ሳምንት ቀይር።

ከሦስቱ ምረጥ ብባል ለከተማ ታክሲ ፋይቭ ኤልን እመርጣለሁ። ከቱ ኤል በግማሽ ሊትር ይበልጣል፤ ከፍታው የሚወስድበትን ጉልበት በከፊል የሚክሰው በስፋቱ ነው። ቱ ኤል እዚህ አገር ዳገት ላይ ሁልጊዜ እስከ ጥግ ተረግጦ ይሠራል፤ እንዲህ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

ሁለተኛው ቤተሰብ የኬዲ ነው። «አባዱላ» በሚባለው ሃይኤስ ላይ በብዛት የምናየው ቱ ኬዲ 2,494 ሲሲ ሲሆን ተርቦና ኮመን ሬል አለው። ተርቦው አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ ከፍታው የሚጎዳው በጥቂቱ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከሆነ ልዩነቱ እዚያ ዳገት ላይ ይታያል፤ ፋይቭ ኤል በሁለተኛ ማርሽ የሚያዘግምበትን ቱ ኬዲ በሦስተኛ ይወጣዋል፤ ናፍጣም ይቆጥባል። ለረጅም መስመር ከሆነ ያለ ጥርጥር የምመክረው እሱን ነው።

ግን ይህ ሞተር ንጽሕና ይፈልጋል። ናፍጣው የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ የኤል ሞተር የሚታገሠው ትንሽ ውሃና አቧራ እዚህ ኖዝል ያበላሻል። ኖዝሉ መድከሙን ለማወቅ ኮምፒውተር የግድ አይደለም። ሞተሩን አስነስተን ከአራቱ ኖዝሎች የሚመለሰውን ናፍጣ ለየብቻ መጠናቸው እኩል በሆነ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ለጥቂት ደቂቃ እንቀበላለን። አራቱ ጠርሙሶች እኩል ከሞሉ ከሌሎቹ ተለይቶ የደከመ ኖዝል የለም። አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ከሞላ ጥፋተኛው የዚያ ሲሊንደር ኖዝል ነው። ባለንብረቱ ቆሞ በዓይኑ ያያል፤ አራቱንም ቀይር ብሎ የሚያስከፍለው ሰው አይኖርም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ከኖዝሉ ሥር ያለችው ቀጭን የመዳብ ቀለበት ናት። እሷ ስትበላሽ የሚቃጠለው ጋዝ ሽቅብ ወደ ቫልቭ ክዳኑ ያመልጣል፤ ዘይቱን አጥቁሮ እንደ ሬንጅ ያደርገዋል። ያ ጥቁር ነገር ታች ወርዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ዘይት እያለው በዘይት እጦት ይነክሳል። ስለዚህ ቱ ኬዲ ስትገዛ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ በባትሪ ብርሃን ውስጡን እይ። ጥቁር ጥርቅም ካየህ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት የዘይት መያዣው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ በል።

ቤንዚን ሞተር ለምን አይሆንም የሚሉም አሉ። ቱ ቲአር 2,694 ሲሲ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ከችንጋ ይልቅ ሰንሰለት ያለው፣ ጭስ የማያበዛ ጥሩ ሞተር ነው። ቀኑን ሙሉ ሙሉ ሰው ጭኖ እየቆመ ለሚነሳ ታክሲ ግን ቤንዚኑ ትርፉን ይበላዋል። ቤንዚን ልኩ የሚሆነው ቀላል ዕቃ ይዛ አጭር መንገድ ለምትሄድ ትንሽ ቫን ነው፤ ዳቦ፣ መድኃኒት፣ አበባ ለምታደርስ።

አካሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ የሞተበትን ዶልፊን ገዝተው ፋይቭ ኤል የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። ሥራው ይሠራል፤ ጥሩ መካኒክ ያሳምረዋል። የሞተር ቁጥር ግን ሊብሬ ላይ ይሰፍራል። የገዛኸው ሞተር ሕጋዊ ሰነድ ከሌለው አትክፈል፤ ሊብሬህ ላይ ለውጡ ሳይመዘገብ መኪናዋን ሥራ አታስወጣ። ያልተመዘገበ ሞተር በዓመታዊ ምርመራ ቀን ወይም በምትሸጣት ቀን ያስቆምሃል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። እንደ መካኒክ በሐቅ ልናገር፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ከፍታ አይጎዳውም፤ ገና ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑን ኃይል ወደ ባትሪ ይመልሳል። መቆምና መነሳት የሚበዛበት የከተማ ታክሲ ሥራ ለናፍጣ ከባዱ፣ ለኤሌክትሪክ ደግሞ ቀላሉ ነው። ያልተመለሰው የጥገናው ነገር ነው፦ ባትሪውን ከፍቶ የሚያይ፣ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ የሚቀይር ባለሙያ ገና በየሰፈሩ የለም። ቀደም ብዬ የጠየቅሁት ሦስተኛው ጥያቄ ለኤሌክትሪክ ሚኒባስም ይጠየቃል።

ምክሬን ላጠቃልል። ለከተማ ታክሲ በእጅህ ባለው ገንዘብ ጤነኛ ፋይቭ ኤል ያዝ፤ ባትሪ የሚጠግን ሰው በአቅራቢያህ ካለ ደግሞ ኤሌክትሪኩን አስብ። ለክፍለ ሀገር መስመር ቱ ኬዲ ያዝ፤ የናፍጣ ፊልትሮውን ግን ጊዜው ሳይደርስ ቀይር። ለቀላል ዕቃ ቤንዚን ይበቃሃል። የሙያ ባልደረቦቼን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ደንበኛው ሊገዛ ሲያማክራችሁ ነገ ተመልሶ ለጥገና የሚያመጣላችሁን ሳይሆን፣ መንገዱ ላይ የማያስቆመውን ሞተር ምከሩት።