ስለ ብሩስ መጽሐፍና ስለ አክሱሙ ትንሽ ጣዖት

ጥንታውያን የሆኑትን ትንንሽ የአማልክት ምስሎች መሰብሰብ በውጭ አገር ሊቃውንትና ባለጸጎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። እጅግ ከሚፈለጉትም መካከል በሰም ተቀርጸው፥ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በስፍራው ነሐስ እየፈሰሰበት የተሠሩት የሕንድ ምስሎች ናቸው። የሕንድ አማልክት ወደ ኢትዮጵያም ደርሰዋል፤ በ1940 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በደብረ ዳሞ ከተገኙት ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች መካከል የሺቫ ምስል ያለባቸው ነበሩ። ነገር ግን ስለ መሰብሰብ ሥራ ይልቁን የሚያስተምረው የግብፅ ሥራ የሆነ አንድ ትንሽ ድንጋይ ነው።

ጄምስ ብሩስ በ1790 በአምስት ጥራዝ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፥ በ1771 በአክሱም ተገኘ ያለውን የዚህን ድንጋይ ሥዕል አግብቷል። ራቁቱን የሆነ ሕፃን በአዞዎች ላይ ቆሞ፥ እባቦችንና ጊንጦችን በእጁ ጨብጧል። ሥዕሉ በትጋት የተሠራ ስለ ሆነ ብሩስ ምስጋና ይገባዋል። ትርጓሜው ግን ከንቱ ነው፤ ቶት የሚለውን የግብፃውያን ስም ወደ ግዕዝ ስቦ፥ ነገሩን ወደ ከዋክብትና ወደ ዘመን ቍጥር ወሰደው። የግብፅ የሥዕል ጽሕፈት ምሥጢር በሻምፖሊዮን የተገለጠው በ1822 ነውና፥ በ1794 በሞተ ሰው ላይ አብዝቶ መፍረድ አይገባም።

ሕፃኑ ሆሩስ ነው። ግብፃውያን እንዲህ ባለው ድንጋይ ላይ ውሃ አፍስሰው፥ የወረደውን ለተነደፈ ሰው ያጠጡት ነበር። የሚያስደንቀው ብሩስ ለዚህ ነገር እጅግ ቀርቦ መሳቱ ነው። በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ፥ በመተማ አጠገብ በራስ ኤል ፊል ቆላ ከሁለት ወር በላይ ተቀምጦ፥ ወደ ስናር ወረደ። በአምስተኛውም ጥራዝ የስናር ሰዎች እባብና ጊንጥ ያለ ፍርሃት በእጃቸው እንደሚይዙ፥ ዐረቦችም ሥር እያኘኩ፥ ዕፀዋት በተዘፈዘፈበት ውሃ እየታጠቡ ከመርዝ እንደሚጠበቁ ይተርካል። እባብ የጨበጠውን ሕፃንና እባብ የጨበጠውን ቆለኛ በአንድ መጽሐፍ አስገብቶ፥ ሁለቱን ሳያስተያያቸው ቀረ።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። በአክሱም ተገኘ ማለት ብቻ አይበቃም። በማን እርሻ? በመቃብር ውስጥ ወይስ በቤት ፍርስራሽ? ከምንስ ዕቃ ጋራ? መንገደኛ ነጋዴ ለራሱ መድኃኒት ይዞት መጥቶ ነውን፥ ወይስ አክሱማዊ በዋጋ ገዝቶት? ይህን ሊመልስ ይችል የነበረው ጉድጓዱ ነው፤ ስለ ጉድጓዱ ግን መጽሐፉ ዝም ይላል።