«ፍቅር እስከ መቃብር» እና በትዕቢተኛ ቤት የሚደርስ ቁስል

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙውን ጊዜ የሚተቸው ስለ ፍቅርና ስለ ባላባት ሥርዓት እንደ ተጻፈ መጽሐፍ ነው። ይህም አግባብ ነው። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ያልተመረመረ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ራሱን የሚያመልክ ሰው በገዛ ቤተ ሰቡ መንፈስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉ ስለዚህ ጉዳት የሚያስተምረንን ከሚያጐድለው ለይቶ ማሳየት ነው። ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ በልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጉዳይ ይዞ ለሚመላለስ፣ በገላው ላይ ግን የሚያሳየው ጠባሳ ለሌለው ሰው ሁሉ የሚደርስ ነው።

በግሪኮች ተረት ናርሲስ የተባለው ጎልማሳ በውሃ ውስጥ ያየውን የገዛ መልኩን አፍቅሮ ጠፋ። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1914 በዚህ ስም ላይ የታወቀ ጥናት ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ነገሩን ከባሕርይ መታወክ ዓይነቶች እንደ አንዱ መዘገበው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ትዕቢተኛ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ አማካሪም በዓይኑ ያላየውን ባል በሚስቲቱ ቃል ብቻ በሽተኛ ነው ሊል አይገባውም። ሊረዳ የሚችለው በፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ፊታውራሪ መሸሻ እንመለስ። ሰብለ ወንጌል በአባቷ ዓይን የዘራቸው ክብር የሚታይባት መስተዋት ናት። ለጋብቻ የሚጠይቋትን ዘር እየቈጠሩ ሲመልሱ የልጅቱ ዕድሜ መሄዱን አላሰቡትም። ገበሬዎቹ እምቢ ባሉ ጊዜም አቤቱታውን እንደ ስድብ ቈጠሩት፤ ዘምተውም ተማረኩ። ስማቸው መሸሻ ቢሆንም ለልጃቸው መሸሻ አልሆኑም። ወይዘሮ ጥሩአይነትም የባላቸውን ኩራት ስለ ተካፈሉ ልጅቱን የሚሰማ ጆሮ በቤቱ ታጣ። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ቀስ በቀስ የራሱን ስሜት ማመን ይተዋል። እንግሊዛዊው ፓትሪክ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1938 «የጋዝ መብራት» በተባለው ቴአትሩ ያሳየው ባልም ሚስቱ የገዛ አእምሮዋን እንድትጠራጠር የሚያደርግ ነው።

መድኃኒቱን የሚጠቁመን ጉዱ ካሣ ነው። አገሩ እንደ እብድ የሚያየው እርሱ ነው፤ ግፉን በስሙ የሚጠራውም እርሱ ነው። ለተጐዳ ሰው የመጀመሪያው ፈውስ «ያየሽው እውነት ነው» የሚል ምስክር ማግኘት ነው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ጁዲት ሄርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የማገገምን መንገድ በሦስት ትከፍለዋለች፤ አስቀድሞ ደኅንነት፣ ቀጥሎ የሆነውን ማስታወስና ማዘን፣ በመጨረሻም ከሰውና ከኑሮ ጋር እንደ ገና መገናኘት ነው።

የመጽሐፉ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። ለሰብለ ወንጌል የተከፈቱት በሮች ሽሽት፣ ምንኵስናና መቃብር ብቻ ናቸው። በታሪኩ ዘመን ሌላ በር አልነበረም ቢባል እውነት ነው። ችግሩ ግን አንባቢው ሥቃይዋን እንደ ምግባር አድንቆ መጽሐፉን መክደኑ ነው። «ቻይው» የሚለው ምክራችን ከዚህ ይመነጫል። የሽማግሌ እርቅ ሁለቱም ጥፋታቸውን ሲያምኑ መልካም ነው፤ አንደኛው ከቶ ጥፋት የማያውቅ ሲሆን ግን ይቅርታ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ የሚከፈል ግብር ይሆናል።

ሕጉ ከልማዱ ቀድሟል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ ጋብቻን በተጋቢዎቹ ነፃ ፈቃድ ላይ አቆመ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንም ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ዳሩ ግን የፍቺ ውሳኔ ጋብቻውን እንጂ በኅሊና የቀረውን የወቃሽ ድምፅ አያፈርስም።

የአማካሪው ሥራ የሚዠምረው ከዚህ ነው። ተጐጂዋ የሆነውን በቅደም ተከተል እንድትናገር ወይም እንድትጽፍ፣ ከበዳይዋ ጋር ያላትን ግንኙነት እንድትቀንስ፣ ልጆች ካሉም ንግግሩን በልጆቹ ጉዳይ ብቻ እንድትወስን ይረዳታል። ይሆናል ብላ ተስፋ ላደረገችው ትዳር እንድታዝንም ጊዜ ይሰጣታል። ከሁሉ በላይ ግን ማዘዝን ይጠንቀቅ። «ፍቺው» ወይም «ታረቂው» ብሎ የሚወስንላት አማካሪ፣ አሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ሁለተኛ ፊታውራሪ ይሆንባታል። የተወሰደባት ነገር በራስዋ የመፍረድ ችሎታ ነውና፣ ሊመለስላት የሚገባውም ይኸው ነው።