ዲግሪውና ወርክሾፑ፤ ስለ ንግድ መርከብ መኮንኖች ትምህርት

ባሕር የሌለው አገር የመርከብ መኮንን ያሠለጥናል ሲባል ለጊዜው ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የባሕር ጠረፏን ካጣች በኋላም ሥራውን አላቋረጠም። ስዊትዘርላንድም በተራሮች ተከባ ሳለች እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የንግድ መርከቦች በባንዲራዋ ሥር ሲጓዙ ኖረዋል። ስለዚህ በወላይታ ሶዶ ተቀምጠን ስለ መርከብ ትምህርት መጻፋችን አንባቢዎቻችንን እንግዳ ነገር ሆኖ አይታያቸው። የሶዶ ልጅ ኢንጂነር ሆኖ ሲመረቅ ሥራ ከሚፈልግባቸው በሮች አንዱ ይህ ነውና።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ በስድስት ወር ገደማ ለመርከብ ሞተር ክፍል ያዘጋጃቸዋል። ከዚያም በካዴትነት በውጭ አገር ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይሰማራሉ። ይህ መልካም ጅምር ስለ ሆነ ምስጋና ይገባዋል። ሂሳችን በተቋሙ ላይ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ባለው በአምስቱ ዓመት ትምህርት ላይ ነው። አንድ ተማሪ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ባሕር ምንም ሳይሰማ ይቆይና ከተመረቀ በኋላ በጥድፊያ መርከበኛ ሁን ይባላል። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የመርከበኞችን ሥልጠናና የምስክር ወረቀት የሚወስነው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ነው። ይኸው ስምምነት በ1995፣ ኋላም በ2010 ማኒላ ላይ ተሻሽሏል። የማኒላው ማሻሻያ የመርከብ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መኮንን የሚባለውን ሙያ ራሱን አስችሎ አቁሞታል። በስምምነቱ መሠረት ለሞተር ክፍል ተረኛ መኮንንነት የሚዘጋጅ ሰው ቢያንስ 12 ወር የወርክሾፕ ሥልጠናና የባሕር አገልግሎት ሊኖረው ይገባል። ከዚህም ውስጥ ቢያንስ ስድስቱ ወር በመርከብ ላይ፣ ብቃት ባለው መኮንን ሥር ሆኖ የሞተር ክፍል ተራ የሚጠብቅበት መሆን አለበት። ለኤሌክትሪኩ መኮንንም ቢሆን ከ12ቱ ወር ቢያንስ ስድስቱ የባሕር አገልግሎት ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሕጉ የጊዜውን አንድ ክፍል በየብስ፣ በወርክሾፕ ውስጥ ለመፈጸም ፈቅዷል። ለእኛ ብርቅ የሆነው መቀመጫ የመማሪያ ክፍሉ አይደለም፤ ካዴት የሚተኛበት የመርከብ አልጋ ነው። በየብስ ሊያልቅ የሚችለውን ሥራ ተማሪው በዩኒቨርሲቲ ሳለ ቢጨርሰው፣ በዚያው አልጋ ሌላ ካዴት ሊማርበት ይችላል።

ይህ እንዲሆን አዲስ ሕንፃ መሥራት አያስፈልግም። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ወደ ሥራ ቦታ የሚወጣበት አንድ ሴሚስተር አለው። ይህ ጊዜ በብዙ ቦታ ደብዳቤ ተቀብሎ፣ ቆሞ ተመልክቶ፣ ሪፖርት አስገብቶ መመለስ ብቻ እንደ ሆነ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በምትኩ የማሪታይም ባለሥልጣን በሚያጸድቀው የሥልጠና መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ሥራ እየተጻፈና እየተፈረመ ቢከናወን፣ ለ12ቱ ወር ሊቈጠር የሚችል ሥልጠና ይሆናል። ብየዳው፣ የቶርኖው ሥራ፣ የፓምፕና የዲዝል ሞተር ፈትቶ መግጠም፣ ሁሉም ከዚሁ የሚገባ ነው።

በወላይታ ይህ የት ይሠራል የሚል ይኖር ይሆናል። በኦሞ ወንዝ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል የቆመው ጊቤ ሦስት እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። መርከብ ተርባይኑን በውኃ ኃይል አያዞርም። ነገር ግን ሁለት ጄኔሬተሮችን አስተካክሎ በአንድ መስመር ማገናኘት፣ የቅባትና የማቀዝቀዣ ውኃን ሙቀት መከታተል፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ሰሌዳ ዘግቶና ቈልፎ መጠገን፣ በሌሊት ተራ መዝገብ መያዝ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ሌላው ክርክር ከእኛው ከተማሪዎች የሚመጣ ነው። እጅን በግራሶ ማቈሸሽ የቴክኒሽያን ሥራ ነው፤ ኢንጂነር ግን ሥዕል ያነሣል፣ ያዛል እንላለን። በማዕበል መካከል ሞተር ሲቆም ግን የሚታዘዝ ሌላ ሰው አይመጣም። መኮንኑ በእጁ የማያውቀውን ሊያዝ አይችልም።

ታዲያ ቲዎሪው ይቅር ማለታችን አይደለም። የዓለም የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ስልት መርከቦች በ2050 ገደማ የተጣራ የካርቦን ልቀታቸው ዜሮ እንዲሆን ግብ አድርጓል፤ ሜታኖልና አሞንያም ወደ መርከብ ነዳጅነት እየገቡ ነው። የአንድን ሞተር አሠራር ብቻ በቃሉ ያጠና ሰው ሞተሩ ሲለወጥ ይቀራል። ቴርሞዳይናሚክስንና ኬሚስትሪን የተረዳ ግን አዲሱንም ይማራል። ዲግሪ ያለው መኮንን ጥቅሙ ይህ ነው፤ ግን ዲግሪው ከእጅ ሥራው ጋር ካልተጋባ ጥቅሙ አይታይም።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎቻችን፣ ማሠልጠኛውና ባለሥልጣኑ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሦስት ነገር እንዲወስኑ እናሳስባለን፤ ይኸውም የሥራ ልምምዱ ሴሚስተር በጸደቀ መዝገብ እንዲመራ፣ የመርከብ ማሽኖችና የባሕር ላይ እንግሊዝኛ ለሚፈልጉ ተማሪዎች በምርጫ ትምህርትነት እንዲሰጡ፣ የማሠልጠኛው ስድስት ወርም በየብስ ሊገኝ ለማይችለው፣ ለእሳት መከላከል፣ ለነፍስ አድንና ለመርከብ ደኅንነት እንዲውል ነው። ዘመናዊ ትምህርት ማለት ውድ ሲሙሌተር መግዛት ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ያለፈበትን እያንዳንዱን ወር እንዲቈጠርለት ማድረግም ጭምር ነው።