ዋተርስ ወይስ ጊልሞር? በሙግቱ መካከል የጠፋው ሰው

የፒንክ ፍሎይድ አፍቃሪዎች ሲከራከሩ የሰማ ሰው ርስት የሚካፈሉ ወንድማማቾች ይመስሉታል። «ከቡድኑ ዘፈኖች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ተብሎ የተጀመረው ጨዋታ አንድ ስኒ ቡና ሳያልቅ «ለመሆኑ ቡድኑ የማን ነበር?» ወደሚል ክስ ይለወጣል። እኔም የዚህ እሰጥ አገባ የረጅም ጊዜ ተካፋይ ነኝ። ከአንድ ወዳጄ ጋር ለዓመታት ስንነታረክ ኖረናል፤ እሱ የጊልሞር ወገን ነው፣ እኔ ደግሞ የዋተርስ ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩበትን ምክንያት ነው ዛሬ የማወጋችሁ።

ቡድኑን በቅርብ ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልበል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ፒንክ ፍሎይድ በ1965 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። የመጀመሪያው አውራ ሲድ ባሬት ነበር፤ ጊታር ይመታል፣ ይደርሳል፣ ይዘፍናል። ሮጀር ዋተርስ ቤዝ ጊታር፣ ሪቻርድ ራይት ኦርጋንና ፒያኖ፣ ኒክ ሜሰን ድራም ይጫወታሉ። የባሬት አእምሮ እየታወከ ሲሄድ ዴቪድ ጊልሞር በጊታር ተጫዋችነት ተጨመረ፤ በ1968 ባሬት ከቡድኑ ወጣ። «ፕሮግሬሲቭ ሮክ» ለሚባለው የሙዚቃ ዓይነት ዋነኛ ምሳሌ ያደረጓቸው ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎች ናቸው። ይኸውም የሦስት ደቂቃን ዘፈን አጥር አፍርሶ፣ አንዳንዴም የሸክላውን አንድ ሙሉ ገጽ በአንድ ድርሰት ሸፍኖ፣ ከጃዝም ከክላሲካልም እየተበደረ የሚሄድ ሙዚቃ ነው።

የዋተርስ ወገኖች ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ከ1973ቱ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» እስከ 1979ኙ «ዘ ዎል» ድረስ ግጥሙን የጻፈው እሱ ነው። ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ እብደት ቡድኑ የሚናገረው ቁም ነገር ያገኘው በእሱ ብዕር ነው። አባቱ በ1944 ኢጣሊያ አንዚዮ ላይ በጦርነቱ ሲሞት ዋተርስ ገና የወራት ሕፃን ነበር፤ ያ ሐዘን አድጎ አድጎ በ«ዘ ዎል» ግንብ ሆነ። የጊልሞር ወገኖች ግን ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «ግጥም ካማረህ መጽሐፍ ግዛ!» ይላሉ። ወዳጄም ይህን ብሎኝ ያውቃል። ከዚያ «ኮምፈርተብሊ ነም»ን ያሰማሃል፤ በመጨረሻው የጊታር ሶሎ ላይ አፍህ ይዘጋል። ግጥሙ የዋተርስ፣ ዜማው የጊልሞር መሆኑን፣ ሁለቱ በቀረጻው ላይ ተጣልተው የምንሰማው ዘፈን ከሁለቱም ፍላጎት ተቀንሶ የታረቀ መሆኑን ብታስረዳው አይሰማህም። (በነገራችን ላይ ሦስተኛ ወገንም አለ። ቡድኑ ባሬት የወጣ ዕለት ሞቷል የሚሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር ክርክር አይቻልም፤ ሐዘንተኞች ናቸው።)

እኔን ከወገኔ ያስኮበለለኝ የሸክላው ሽፋን ነው። በእኛ አገር ካሴት ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ለየብቻው መጻፉ የለመደብኝ በመሆኑ፣ አንድ ቀን የምወዳቸውን ዘፈኖች ደራሲዎች ስም በወረቀት ላይ ማስፈር ጀመርኩ። ለዋተርስ ማስረጃ ላጠራቅም ነበር ሐሳቤ። ደጋግሞ የመጣብኝ ግን ሪቻርድ ራይት የሚለው ስም ነው።

«ኤኮስ»ን እንውሰድ። «ሜድል» በተባለው የ1971 አልበም ላይ የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ በሙሉ የያዘ፣ 23 ደቂቃ ያህል የሚረዝም ድርሰት ነው። ትርጉሙ የገደል ማሚቶ እንደ ማለት ነው። ባለቤቶቹ አራቱም ናቸው። አነሳሱ እንዲህ ነበር፦ ምን እንደሚሠሩ ሳያውቁ ስቱዲዮ ገብተው «ምንም» እያሉ በቁጥር የሰየሟቸውን ቁርጥራጮች ይሞክራሉ። ከእነዚህ መካከል ራይት በፒያኖ የነካት አንዲት ድምፅ ተገኘች። ፒያኖው በውስጡ በሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ስለነበር ድምፁ ዋሻ ውስጥ እንደምትንጠባጠብ ውኃ ሆነ። የቀረው ሁሉ በዚያች ጠብታ ላይ ተገነባ። ስንኙን የሚያዜሙት ጊልሞርና ራይት አብረው ሲሆን፣ የአንዱ ድምፅ ከሌላው የት ላይ እንደሚለይ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። እርግጥ ነው፣ መካከሉ ላይ ነፋስ የሚያፏጭበትና ጊታሩ እንደ ባሕር ወፍ የሚጮህበት ክፍል ከልክ በላይ ይረዝማል፤ እኔንም አልፎ አልፎ ያዛጋኛል። ነገር ግን ከዚያ ጨለማ ውስጥ ያቺ የመጀመሪያዋ ጠብታ ተመልሳ ስትመጣ፣ ኦርጋኑም ከሥሯ ቀስ እያለ ሲነሣ፣ የትኛውም ሶሎ ያንን ያህል አድርጎልኝ አያውቅም። ማን የማን አጃቢ እንደሆነ የማይታወቅበት ሥራ ነው። ብልጫውም እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ወረድ ስንል «አስ ኤንድ ዘም» አለ። ግጥሙ የዋተርስ፣ ዜማው የራይት ነው። ራይት ለኢጣሊያዊው የፊልም አዘጋጅ ለአንቶኒዮኒ ሥራ የደረሰው የፒያኖ ዜማ ነበር፤ አንቶኒዮኒ አልፈልግም ብሎ መለሰው። የተመለሰው ዜማ በዚያው በ1973ቱ አልበም ላይ ገባ። አልበሙም በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ700 ሳምንታት በላይ ተቀመጠ።

«ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ደግሞ በ1975 ለባሬት የተሠራ ባለ ዘጠኝ ክፍል ድርሰት ነው። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው የጊልሞርን አራት የጊታር ኖታዎች ነው። የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ክፍል ግን የራይት ብቻ ነው። ሙዚቃው ሊያበቃ ሲል በኪቦርዱ ከ«ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» ዜማ ጥቂት ነካ አድርጎ ያልፋል፤ በ1967 ባሬት የደረሰው ዘፈን ነው። ያለ ቃል የተሰጠ ስንብት!

ታዲያ ይህ ሰው ምን ደረሰበት? በ1977ቱ «አኒማልስ» ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ከደራሲዎቹ መካከል ጠፋ። «ዘ ዎል» ሲቀረጽ ከዋተርስ ጋር ተጣልቶ ከቡድኑ እንዲወጣ ተደረገ፤ በ1980 እና 1981 በተደረጉት ኮንሰርቶች ላይ የተጫወተው በደመወዝ ተቀጥሮ ነው። ነገሩ ያስቃልም፤ ትርኢቶቹ ከሰሩና ኪሳራው በሦስቱ ባለቤቶች ላይ ሲወድቅ ከዚያ ሥራ ያተረፈው ተቀጣሪው ራይት ብቻ ሆነ። የዋተርስ ወገኖች «በዚያን ጊዜ ምንም ሐሳብ አላመጣም» ይላሉ። ብዙም አልሟገታቸውም። በ1978 ለብቻው ያወጣው አልበም እንኳን ደህና ቢሆንም ከቡድኑ ሥራዎች ጎን የሚቆም አይደለም። ግን ለብቻቸው ሲሆኑ ዋተርስስ፣ ጊልሞርስ «ኤኮስ»ን የመሰለ ሠርተዋል?

የስም ነገር ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ የምታሳየው ክሌር ቶሪ ናት። «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» የራይት የፒያኖ ዜማ ነው። በጥር 1973 ቶሪ ስቱዲዮ ተጠርታ ያለ አንድም ቃል እንደ አልቃሽ ዜማውን በድምጿ ሞላችው፤ የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። ከ30 ዓመታት በኋላ፣ በ2004፣ «ድርሰቱ የእኔም ነው» ብላ ከሰሰች፤ በ2005 ጉዳዩ በስምምነት አልቆ ስሟ ከራይት ስም አጠገብ ተጻፈ። ከዚያ በፊት ይህን ዘፈን አንደኛ የሚሉ አፍቃሪዎች በዋተርስና በጊልሞር ላይ ሲጣሉ፣ ዘፈኑን ዘፈን ያደረጉት ሁለት ሰዎች አንዳቸውም በወሬው ውስጥ አልነበሩም።

በዚያው በ2005፣ ሐምሌ 2 ቀን፣ አራቱ ከ24 ዓመታት በኋላ ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ አብረው መድረክ ላይ ወጡ። ዝግጅቱ «ላይቭ 8» ይባላል። በ1985 ለአገራችን ረሃብተኞች ዕርዳታ የተዘጋጀው «ላይቭ ኤይድ» 20ኛ ዓመቱን ሲይዝ በዚያው ፈለግ የተሰናዳ ነው። የመጨረሻቸው «ኮምፈርተብሊ ነም» ነበር። ወዳጄ ይህን ቀረጻ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው የሚቆጥረው። እኔ ግን ደግሜ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ከኋላ፣ ኪቦርዱ ላይ ወደ አቀረቀረው ሰው ነው። አራቱ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ በአንድነት አልተጫወቱም። ራይት በመስከረም 2008 ሞተ።

በ1971 ፒንክ ፍሎይድ ፖምፔ ውስጥ፣ ከጥንታዊው የሮማውያን ቴአትር መካከል፣ ያለ ተመልካች ለፊልም ተጫውተው ነበር፤ ፊልሙ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በ«ኤኮስ» ነው። በ2016 ጊልሞር ወደዚያው ቦታ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ተመልካች ነበር። ብዙ የድሮ ዘፈኖች ተጫወተ፤ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ»ም፣ «ኮምፈርተብሊ ነም»ም ነበሩበት። «ኤኮስ»ን ግን አልተጫወተም።